ካሜራውና የጎረቤቴ ኩባያ

ካሜራውን የሰቀልሁት ተናድጄ ነው። ወረታ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦሩ መገንጠያ ትንሽ ገባ ብሎ በቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ምሳዬን በልቼ ስወጣ የስፌት መኪናዬ የለችም። በጠራራ ፀሐይ! ወንበሩ አለ፣ መቀሱ አለ፣ ግማሹ የተሰፋ ሱሪ አለ፣ መኪናዋ ብቻ የለችም። «የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ» እያልሁ ለሰፈሩ ሁሉ ፊት ነሣሁ። ሌላ መኪና ስገዛ ካሜራም ከባሕር ዳር አስመጣሁና ከጣሪያው ጫፍ አሰቀልሁ። ከዚያ በኋላ እየሰፋሁ በስልኬ በሬን አያለሁ፤ ያለፈውንም ቀድቶ ያስቀምጥልኛል።

ችግሩ ካሜራው ከእኔ ግቢ አልፎ የጎረቤቴን ግቢ ጭምር ማየቱ ነው። ጎረቤቴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ እናት ናቸው። አንዲት ያረጀች ላምና አንዲት ጊደር አሏቸው። ካሜራው በተሰቀለ ማግሥት ከአጥሩ ማዶ ቆመው ጠሩኝ።

«አንተ፣ ያ ዓይን ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ በሬ ነው፣ እትዬ።»

«በርህ እኔ ጓሮ ነው እንዴ ያለው?»

«ሌባ ቢመጣ ለእርስዎም ይጠቅማል ብዬ ነው።»

«ሌባ የሚወስደው ከብቴን ነው። ይኸ ግን እኔኑ ነው የሚወስደው። አዙረው!»

እኔ ደግሞ «አዙረው» ሲሉኝ እግሬን የምተክል ሰው ነኝ። ዛሬ ነገ እያልሁ ክረምት ገባ።

ክረምት ሲገባ በከተማችን ዙሪያ ያለው ሜዳ ውሃ ይሆናል። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬዎች ውሃውን ለሩዙ ትተው ከብቶቻቸውን ደረቅ መሬት ፍለጋ ያወጣሉ፤ መንጋው እየተግተለተለ በእኛ ሰፈር ያልፋል፣ መንገዱንም ያቦካዋል። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሌላውን ጾም የሚያጓድል ሰው እንኳ ፍልሰታን ያከብራል፤ ሕፃናቱም ይጾማሉ። የጎረቤቴ ስም የሚነሣው በዚህ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «እሳቸውን አታይም? በዚህ ዕድሜያቸው!» ይላሉ። ከላሟ የሚያልቡትን ለቅቤ እንደሚያጠራቅሙ ሁላችንም እናውቃለን።

በጾሙ መካከል አንድ ጠዋት እጅጌ እየገጠምሁ ስልኬን ገለጥ አደረግሁ። ጎረቤቴ ከላሟ ጀርባ ቆመዋል። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ኩባያ ወደ አፋቸው አነሡ። ወተት ነው። ጠጡ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ፣ ወዲያና ወዲህ አዩ።

ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። መኪናዬን የወሰደው ሰው ያን ጊዜ የተሰማው ነገር ካለ እኔንም ያው ተሰማኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ለባለቤቴም አልነገርኋት። ካሜራውን ያን ቀን ላዞረው ፈለግሁ፤ ግን ድንገት ባዞረው እንዳየሁባቸው ይገባቸዋል ብዬ ፈራሁ። እንዲሁ እንደሰቀልሁት ቀረ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ረፋድ ላይ «ጊደሬን! ኧረ ጊደሬን!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጊደሯ የለችም። ላሟ እያረጀች ስለሆነ ነገ የሚታለበው ከእሷ ነበር፤ ለእሳቸው ጡረታቸውም ልጃቸውም እሷው ናት። ሰፈሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ መጣና እጁን ወደ ጣሪያዬ ዘረጋ።

«ምን ያስጨንቃል? ካሜራው አለ አይደል! ይከፈትና ሁላችንም እንየው።»

ሰው ሁሉ ወደ ስልኬ ዞረ።

«አይከፈትም!» አሉ ጎረቤቴ።

«ጊደሯ እኮ…»

«ጊደሬ ናት። ከቀረችም ቀርታ ትቅር።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ድንጋጤ ነው ያለ አለ፣ እርጅና ነው ያለም አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጊደሯ የጠፋችው እሳቸው በየጠዋቱ ኩባያቸውን በሚያነሡበት ሰዓት እንደሆነ፣ የሚከፈተው ነገር ሁለቱንም አንድ ላይ እንደሚያወጣው ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ያን ጠዋት አንድ ብረት ሠሪ በሰፈራችን ማጭድ ሲስል አርፍዷል። ከብት ያለው ሰው በእጅ ባለሙያ ላይ ጣቱ ይፈጥናል፤ በሠራው ማረሻ እያረሰ ሰውየውን በክፉ ያየዋል። ይህን አመል ከድሮም አልወደውም። «ሌላ ማን ይሆናል?» ተባለ። ሰውየውን አምጥተው በመሐል አቆሙት። መዶሻና ሞረድ የያዘች ስልቻውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ጊደሯን በዚች ስልቻ ከትቼ ነው የወሰድኋት?»

የሳቀ የለም። ዳኛው ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አወጣ።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ ሰዉን ትተው ወደ በረንዳዬ መጡ። ከደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይተኸኛል» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አይቻለሁ፣ እትዬ። ለማንም አልተነፈስሁም።»

«ታምሜያለሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪ፣ ወተትም ጠጪ አለኝ። የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል። ሰው ግን አይፈቅድም።»

መቀሱን አስቀመጥሁ።

«ጊደሬ ትቅር ብዬ ነበር፤ ሰው በእኔ ስም ይታሰር ግን አልልም። ክፈተው። አንተው ብቻ እይ።»

የጠዋቱን ከፈትሁ። ነጠላ የተከናነበችው ሴት ብቅ ስትል በጣቴ አሳለፍኋት፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ቀጥሎ የግቢያቸው በር ታየ፤ ገርበብ ብሏል። በመንገዱ የቁሐር ሚካኤል መንጋ እየተግተለተለ ያልፋል። ጊደሯ ጆሮዋን ቀሰረች፣ ጥቂት አሰበች፣ ከዚያ በሩን በደረቷ ገፋ አድርጋ እንደ ሠርገኛ ከመሐላቸው ገባች። ከኋላ የሚነዳው ገበሬ የእሱ መስላው በአርጩሜው ነካ አደረጋት። ይኸው ነው፤ ሌባ የሚባል የለም።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም አጎንብሰው አዩና «አንቺ ከንቱ! ሰው ልታሳስሪ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ወጥቼ ጊደሯ ከመንጋው ጋር መሄዷን ለሰዉ ነገርሁ። ዳኛው እጁን ዘረጋ፤ «እስቲ እንየው» አለ።

«አየሁ አልኋችሁ» አልሁት። «ምስክር የተጠየቀውን ይመልሳል እንጂ የጎረቤቱን ጓዳ አይዘረግፍም። ካላመናችሁኝ መንጋውን ተከተሉ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።»

ሁሉም ቆሞ ሲከራከር ብረት ሠሪው ስልቻውን በረንዳዬ ላይ ጣለና በጭቃው ውስጥ ሮጠ። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጊደሯን እየሳበ መጣ።

«ስልቻው አልበቃት አለ፤ በገመድ አመጣኋት» አለ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ጎረቤቴ ግን የሰውየውን ጭቃ የነካው እጅ ይዘው ሳሙት።

ሰው ሲበተን መሰላል አውጥቼ ካሜራውን ላዞር ወጣሁ።

«ቆይ፣ ውረድ» አሉኝ ጎረቤቴ። «መጀመሪያ ያንን ያለፍኸውን አሳየኝ።»

«ይቅርብዎ፣ እትዬ።»

«አሳየኝ አልሁህ።»

ከፈትሁላቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። የተከናነበችው ሴት ከላሟ ጀርባ ቆማ ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገች፣ ወዲያና ወዲህ አየች። ይቆጣሉ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ምን ከስታለች ይቺ ሴት!» አሉ። ቀጥለውም ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ «ኩባያውን የሚይዝ አቅም እንኳ የላት። ይችን ማን ይፈርድባታል?» አሉኝ።

«ማንም፣ እትዬ።»

«በል አጥፋው።»

አጠፋሁት። ካሜራውንም አዞርሁት። ከታች ሆነው «ወዲህ፣ ኧረ ወዲያ» እያሉ አስተካከሉኝ። በመጨረሻ ጓሯቸው ጠፍቶ የእኔ በር ታየ፣ የእሳቸውም በር በጥግ ታየ። በሩን ያስገባሁት በእሳቸው ትእዛዝ ነው፤ ያቺ ጊደር አትታመንም ብለው።

በማግሥቱ ጠዋት ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ቀና ስል ጎረቤቴ በርጩማ አውጥተው ከበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ላይ ነው፣ ኩባያው በእጃቸው ነው። አንዲት የሰፈር ሴት ስታልፍ «እንደምን አደሩ?» ብላ ቆመች፤ ዓይኗ ኩባያው ላይ ወደቀ። እኔ መርገጫውን መርገጥ ተውሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጎረቤቴ፤ እኔም እንድሰማ ጮኽ ብለው። «መድኃኒቴን እየወሰድሁ ነው።»

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ቀረብ ብላ ፊታቸውን አየች።

«እግዜር ይማርዎ» አለቻቸውና መንገዷን ቀጠለች።