የአያ «ይደር»

ከሱቁ መስኮት አጠገብ ያለችው ሚስማር ዛሬ ባዶዋን ናት። ሁላችንም «አያ» የምንላቸው አጎቴ፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለችው በዚህች ጠባብ ሱቅ ጊታርና ቤዝ ሲጠግኑ ኖሩ። አንገቱን አቃንተው አዲስ ክር የገጠሙለትን ጊታር ግን በዕለቱ ለባለቤቱ አይመልሱም፤ እዚህች ሚስማር ላይ ያሳድሩታል።

«አያ፣ ዛሬ ሰርግ ላይ ልጫወትበት ነው» እያሉ ጊታር ያስጠገኑ ተማሪዎች ሲለምኗቸው፣ «ክሩ ገና እንግዳ ነው ልጄ፤ እንጨቱን ይልመደው። ይደር» ይሉ ነበር። ደንበኛ ሊያልቅብዎት ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኋቸው! ጠዋት የላላውን ክር እንደገና ይቃኛሉ። ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ሱቋ ከነግድግዳዋ ቀስ ብላ ወደ አንድ ሩቅ አገር የምትንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና «አሁን ሸጋ ሆነ» ይላሉ።

ያረፉት ማለዳ ላይ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ቀብሩ በዕለቱ እንዲሆን ተስማምተው መቃብር ሊያስቆፍሩ ተነሡ።

«ከሩቅ የምንጠብቀው ዘመድ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ማንም አልነበረም። እኔ ግን «ይደር» አልኳቸው።