ዘነበችና የኢየሩሳሌም ስንቄ

ዘነበች በአባቴ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። «ልጅ አባብላ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትል ተያዘች» ተብላ ከቤታችን ወጣች፤ አራዳም ስሟን እንደዚያው አድርጎ ያዘው። ሐሰት ነው። ያባበለኝ ሰው አልነበረም። መንገዱን ያሰብኩትም፣ ስንቁን ያደረቅኩትም እኔው ብቻዬን ነኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም ብዙም አላለፈምና የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝብኝ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ይህ ነገር ግን ሳይጻፍ እንዳይቀር።

የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ «በዕረፍቴ ብቻዬን ግሪክ አገር ደርሼ እመጣለሁ» አለች። ቲኬቱንም ማደሪያውንም ራሷ ጨርሳለች። አባቷ፣ ማለት ልጄ፣ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን በጆሮዋ ያስገባ ሰው አለ፤ ያቺ ጓደኛዋ ትሆናለች» አይለኝም!  «ልጅህ ጭንቅላት የላትም ወይ?» ብዬ ጮህኩበት። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባውም።

ያኔ ቤታችን ከጊዮርጊስ ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ሞታለች። አባቴ ዛሬ ፒያሳ በሚሉት ሰፈር፣ በአራዳ ገበያ፣ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገዱ የበቅሎ ፋንድያና የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል። አባቴ ሱቅ እየሄድኩ ጣቃ ሲፈታ ማየት እወድ ነበር። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «ከባሕር ማዶ» ይሉኛል። ባሕር ምን እንደሚመስል ስጠይቅ ግን አንዱ «እንደ ሰማይ ነው» ሲለኝ ሌላው «እንደ ኑግ ማሳ ይወዛወዛል» ይለኛል። ሰማይና ኑግ እንዴት አንድ ይሆናሉ? ሄዶ ማየት ነው እንጂ።

በየዓመቱ ከደብራችን ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎች ነበሩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ የነፍስ አባታችንን «እኔስ?» አልኳቸው።

«ባል አግቢና ከባልሽ ጋር። አለዚያም ከአባትሽ ጋር።»

«ጌታ የተቀበረው ለባለትዳር ብቻ ነው እንዴ፣ አባ?»

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ጠበቅ አድርገው «ሂጂ፣ ቆሎሽን ብይ» አሉኝ። ቆሎውን አልበላሁም። ብቻዬን ለመሄድ ቆረጥኩ።

ዘነበች ወደ እኛ ሳትመጣ በፊት ከአንድ የግሪክ ነጋዴ ቤት ታገለግል ነበርና በባቡር እስከ ጅቡቲ ደርሳ ተመልሳለች። ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ እቀመጥና እጠይቃታለሁ።

«ዘኑ፣ ባቡሩ ማታም ይሄዳል?»

«ምን በወጣው! ሲመሽ ይቆማል። መጀመሪያ አዋሽ ያድራል፣ ቀጥሎ ድሬዳዋ።»

«ውሃስ?»

«ውሃማ በቅል ይያዛል። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ምላስ ከላንቃ ያጣብቃል።»

«መርከቡስ?»

«እሱን እግዜር ይወቅ፤ እኔ ከዳር ነው የተመለስኩ።» ከዚያ በእጇ ጀርባ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። «ደግሞ የምትሄጂ ይመስል! እስቲ መጀመሪያ ብቻሽን አፍንጮ በር ሂጂ፣ አስኩ።»

እሷ የምታወራው ለጨዋታ ነበር። እኔ ቃል በቃል እሸመድድ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባና ፀሐዩ ሲበረታ ስንቄን ጀመርኩ። ከእራቴ እየቀነስኩ እንጀራውን ከጓሮ ማገዶ ቤት ክዳን ላይ አሰጣለሁ፤ ሲደርቅ ፈርፍሬ በስልቻ እከታለሁ። ገብስ ቆልቼ በሶ ፈጨሁ። የጉዞውን ዋጋ የእናቴን የብር ድሪ ሸጬ ልከፍል አስቤያለሁ። ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጾሙ ሳይገባ መነሳት ነበር ሐሳቤ።

አባቴ የበቅሎ ኮርቻ ሊፈልጉ ማገዶ ቤት ገብተው ስልቻዎቹን አገኙ። ድርቆሽ የዘማችና የመንገደኛ ምግብ ነው፤ ማንም በማይሄድበት ቤት ድርቆሽ አይገኝም። ስልቻውን ጎትተው ግቢው መካከል አስቀመጡና «ማነው መንገደኛው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ወደ ኢየሩሳሌም።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ፊታቸውን ከእኔ አዙረው ወጥ ቤቱ በር ላይ ወደቆመችው ዘነበች ጮኹ። «አንቺ ነሽ! ጅቡቲን የምታውቀው አንቺ ነሽ! ጨርቅሽን ሰብስቢ!»

በጊዮርጊስ ማልኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ አልሰሙኝም። ዘነበችን አስቀድመው ከግቢ ወጡ። ወዴት እንደሚወስዷት አልጠየቅኩም። ነጠላዬን አንስቼ ሮጥኩና ከጊዮርጊስ በታች፣ ቅዳሜ ገበያው በደመቀበት ደረስኩባቸው። የነጠላዬን ጫፍ ከአባቴ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠርኩና በዚያ ሲያልፉ ያየኋቸውን ባለበቅሎ ሽማግሌ «በሕግ አምላክ! ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ ይዳኙን!» አልኳቸው።

ዛሬ ለሚያነብ ወጣት ልንገረው፤ ያኔ ከሳሽ ከተከሳሽ ጋር ልብሱን ተቆራኝቶ መንገደኛ ለዳኝነት ከጠራ፣ የተጠራው ሰው ጥሎ አይሄድም ነበር። ሽማግሌው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ገበያተኛው ከበበን።

«ከሳሹ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተከሳሹስ?»

«አባቴ።»

«ነገ ደግሞ የክርስትና አባቷን ታቆማለች!» አለ አንድ የአራዳ ልጅ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ነገሬን ተናገርኩ። ሽማግሌው ወደ ዘነበች ዞሩ። «ባቡሩ የት እንደሚያድር ነግረሻታል?»

«ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ፣ ጌታዬ።»

«ውሃ በቅል እንደሚያዝስ?»

«እሱንም ብያለሁ።»

ውሸት አታውቅም ነበር። «ለምን እንደጠየቅኋት አልነገርኳትም!» ብዬ ጮህኩ። «ያሰብኩት እኔ ነኝ!»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ከደብሯ ወዲያ ያልሄደች ልጅ አዋሽን በሕልሟም አታየውም። ያሳየሽ ሰው አለ።» ወደ አባቴም ዞረው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሏቸው።

አባቴ መሬት መሬት እያዩ «እርስዎ እንዳሉት ነው» አሉ።

«እንግዲያው ይህች ሴት፣ ልጅ ካለበት ቤት አትግባ!» ተብሎ በቅዳሜ ገበያ ተፈረደ። በዚያ ቀን ያልሰማ አልነበረም። ቋጠሮውን ልፈታ ስል ጠብቆ እንቢ አለኝ። ዘነበች ጥቅልሏን መሬት አስቀምጣ ፈታችልኝ። «አይዞሽ» አለችኝ። እኔን!

ከዚያ ወዲህ በአራዳ የሚቀጥራት ቤት አላገኘችም። የአርመኑም፣ የግሪኩም በር አልተከፈተላትም። መንዝ ወደ ዘመዶቿ ገባች ሲሉ ሰማሁ፤ ዳግመኛ አላየኋትም።

የልጅ ልጄ ሰሞኑን ልብሷን እያጣጠፈች ነው። አባቷም ያቺን ጓደኛዋን ቤቱ እንዳትመጣ ከልክሏል። ድሮ ቢሆን ጎረቤት ጠርቼ፣ ሽማግሌ አስቀምጬ እሟገተው ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ ለብቻው ሳገኘው ልነግረው እጠብቃለሁ። ፍርድ ሲጓደል ማለፍ ዛሬም አልችልበትም፤ ግን ከመጮኼ በፊት ጩኸቴ በማን ላይ እንደሚወድቅ አያለሁ። ይህን ያስተማረኝ አንድ የአባቴ መልስ ነው። ለዓመታት «አባባ፣ ያኔ ለምን አላመኑኝም?» እያልኩ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አልጋ ላይ በዋሉበት ክረምት፣ ሾርባ ሳጠጣቸው፣ ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ።

«አምኜሽ ነበር» አሉ። «ሴት ልጁ ብቻዋን ልትኮበልል ነበር እንዳይሉኝ ብዬ ነው በዘነበች ላይ የጮህኩ። ያን ዕለት ይዣት የምሄደው ጉለሌ፣ እህቴ ቤት ነበር፤ ወሬው ሲበርድ ለፋሲካ ልመልሳት። ምን ላድርግ ልጄ፣ ዳኛ ጠራሽ።»