የጋሽ ሙሄ ብልቃጦች

ባለፈው ሳምንት የልጅነት ጓደኛዬ ዘይነባ ከባቲ ለሰርግ መጥታ እኔ ዘንድ አረፈች። ከምሳ በኋላ ጥርሷን ሲያማት ከቦርሳዋ አንዲት ጥቁር ብልቃጥ አወጣችና ግራጫ ክዳኗን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከፈተቻት። የቅርንፉድ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከቅርንፉዱ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል፣ የድሮ ፎቶ ቤት ሽታ። ይህን ሁሉ ዘመን ብልቃጧ ከእሷ ጋር ኖራለች ማለት ነው። ልጆች የዳርኩ ሴት ነኝ፤ ያቺን የፕላስቲክ ዕቃ ሳይ ግን እንደ ልጅ ቀናሁ።

ፎቶ በስልክ ከመሆኑ በፊት የካሜራ ፊልም የሚመጣው በእንደዚህ ያለች ብልቃጥ ነበር። ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ሲገባ የእሷ ሥራ ያበቃል። እዚህ ከሚሴ ውስጥ ግን ሥራ ፈትታ አታውቅም። ሴቶቹ ኩል ያስቀምጡባታል፣ ሽማግሌው ሱረቱን፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚወርደው ገበሬ የሽንኩርት ዘሩን፣ መንገደኛው ጨውና በርበሬውን ይይዝባታል። ክዳኗ ጥብቅ ስለሆነ ዝናብም ጉንዳንም አይደፍራትም። እናቴ መርፌዎቿን የምታኖረው በእሷ ነበር።

ምንጯ አንድ ሰው ነበሩ፤ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄ ፎቶ አንሺው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው በፎቶ መድኃኒት የጠቆሩ። ፎቶ ቤታቸው ውስጥ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ኮት ለሌለው የሚያውሱት አንድ ሰማያዊ ኮት ነበረ። የከሚሴ ወንድ ግማሹ ጉርድ ፎቶ የተነሳው በዚያ ኮት ነው። ሰንበቴ ገበያ ወርደው፣ ከአፋር የመጡትን ግመል ነጋዴዎች ሲያነሱ ውለው ሲመለሱ፣ ባዶ ብልቃጦቹ ኪሳቸው ውስጥ ሲንኳኩ ከሩቅ ይሰማናል። የሰፈር ልጅ ሁሉ ይሮጣል። እኔም እሮጣለሁ።

ለሁሉም ባዶውን ነበር የሚሰጡት። ለዘይነባ ግን ሞልተው ነው፤ አንዳንዴ ከረሜላ፣ አንዳንዴ ሽቶ የነካ ጥጥ። ምክንያቱም የሟች እናታቸው ሞክሼ ናት። በእኛ አገር ሰው የእናቱን ስም የያዘች ልጅ ካገኘ እናቱን ያገኘ ያህል ነው። ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ ልጅ ስትገባ እኚያ ትልቅ ሰውዬ ከወንበራቸው ይነሱላት ነበር። «ሀርሜ ኮ!» ይሏታል በኦሮምኛ፤ እናቴ ማለታቸው ነው። «ሀርሜ ኮ! ነይ እስቲ፣ ምን አጎደልኩብሽ?» እሷም አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ባልቴት እየተንቀባረረች ትገባለች።

እኔን ግን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ብልቃጥ እንኳ በእጃቸው አይሰጡኝም፤ ለሌላ ልጅ ይሰጡና «ለዚያች ልጅ አቀብያት» ይላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራቸው አዙረው። ስሜ ከድጃ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔ ጊዜ መልአኩ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ። በዘይነባ ዓይኔ ደም ለበሰ። ከእሷ ጋር እየተጫወትኩ እንኳ የማስበው ስሟን ነበር።

አረፋ ሊደርስ ሲል ቆረጥኩና ፎቶ ቤት ገባሁ። ጋሽ ሙሄ የረጠቡ ፎቶዎችን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ዘይነባ ነው» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝና ሳቁ። ለእኔ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሱብሃነላህ! የድሮውስ?»

«ጥዬዋለሁ። አልፈልገውም።»

ሳቃቸው እዚያው ቆመ። መቆንጠጫዋ ከእጃቸው ወደቀች። «አትጣይው፣ ልጄ። እሱ ስም አይጣልም» አሉና ቀይ አምፖል ወደሚበራበት ጨለማ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አልወጡም።

ቤት ሄጄ እናቴ ላይ ጮህኩባት። «ይሄን ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ!» ልትቆጣኝ ነው ስል ሻሿን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ቤት አልሄድኩም። ዘይነባ ባቲ ተዳረች፣ እኔ እዚሁ። ፊልም ቀረ፣ ፎቶ ቤቱ ጫማ መሸጫ ሆነ፣ ጋሽ ሙሄም ሞቱ። አላህ ይርሀማቸው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ሶፊያ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ብልቃጥ ለጎረቤት አከፋፈሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ግን ማዳበሪያውን አልያዙም። በመዳፋቸው ያለችው የፕላስቲኳ አልነበረችም፤ ከእሷ በፊት ፊልም ይመጣባት የነበረችው፣ ክዳኗ በማዞር የሚከፈት የቆርቆሮዋ ነበረች። ከፈትኳት። ሥሯ ላይ የደረቀ ኩል አለ።

«ከአንቺ በፊት ከድጃ የምትባል ልጅ ነበረችን» አሉኝ። «በእግሯ ቆማ ሳትጠግብ አላህ ወሰዳት። ኩሏ ነው። እናትሽ ወዲያው አንቺን ስትወልድ፣ ስሙ ከአጥራችን እንዳይጠፋ ብላ ከድጃ አለችሽ። ባለቤቴ እናቱን በዘይነባ ስም ሲጠራ እንደሚደሰተው በአንቺም ይደሰታል ብለን ነበር፤ እናትሽም እኔም። ተሳሳትን። እናት በተራዋ ነው የምትሄደው፣ ስሟ ሲጠራ ደስ ይላል። የልጅ ስም ግን ያቃጥላል። ሊጠራሽ አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ እያለ ማን አፍ አውጥቶ? ሊሞት ሲል ግን ይቺን ለከድጃ ስጪያት አለኝ። ወላሂ፣ በአፉ ነው ያለው። ከድጃ ብሎ።»

ያኔ ፎቶ ቤት ውስጥ «አትጣይው፣ ልጄ» ብለውኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዘይነባ ቅርንፉዷን ጥርሷ ላይ ይዛ የብልቃጧን ክዳን ገጠመች። «ከጋሽ ሙሄ ዕቃ አንቺ ያስቀረሽው የለም?» አለችኝ።

«አለኝ» አልኳት። አውጥቼ ግን አላሳየኋትም። ከሄደች በኋላ ቁምሳጥኑን ከፍቼ የቆርቆሮዋን ብልቃጥ አየኋት። ከኩሉ ነክቼ አላውቅም፤ የእኔ አይደለም። በዘይነባ መቅናቱስ ይወጣልኛል። የማይወጣልኝ በዚያች በእግሯ ቆማ ሳትጠግብ በሄደችው ሞክሼዬ መቅናቱ ነው። ስማችን አንድ፣ ብልቃጣችን አንድ፤ ጋሽ ሙሄ ስሙን ሲጠሩት የሰማችው ግን እሷ ናት።