አንዲት ኳስ ከፒያሳ እስከ ደባርቅ

ሰኞ ንጋት፣ ጎንደር ፒያሳ

ባጃጆቹ ገና አልተነሡም። ካፌዎቹ ወንበር እያወጡ ነው። እኔ የጎልፍ ዱላ ይዤ አስፋልት ዳር ቆሜአለሁ፤ የባንኩ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች ያየኛል። አይፈረድበትም። በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ብረት ይዞ የሚንጎራደድ ሰው ባይ እኔም እጠረጥር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ መሠረት የጡት ነቀርሳ ታማለች። የሚያክሟት ሐኪሞች «የደጋ ሴቶች በሽታው ከጠናባቸው በኋላ የሚመጡት ለምንድን ነው?» የሚል ጥናት ሊያካሂዱ ያስባሉ፤ ገንዘብ ግን የላቸውም። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ አቅቶኛል። አዲስ አበባ ስሠራ የተማርኋት ጎልፍ ትዝ አለችኝና ተወራረድሁ፦ አንዲት ኳስ እየመታሁ፣ በእግሬ፣ ደባርቅ አደርሳለሁ። ወዳጆቼ ለጥናቱ ለመስጠት ቃል ገቡ። ከሁሉ የሚበልጠውን ቃል የገባው ነጋዴ ጓደኛዬ ግን «ደባርቅ ካልደረስህ አምስት ሳንቲም የለም» ብሏል። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም።

መሠረት ፀዳ ከተማ ካለው ቤታችን በር ላይ ስትሸኘኝ «ሂድልኝ» አለች። «እንዲህ ስትንቆራጠጥ ከበሽታው ይልቅ አንተ ታደክመኛለህ።» ወዲያው ክንዴን ያዘችኝ። «ስሜን እንዳታነሣ። የበሽታውንም ስም።» ለጎረቤት ሁሉ ጨጓራ ነው ብላለች። ስለዚህ ስንቅ ይዞ የሚከተለኝ መኪና ላይ የሰቀልነው ጨርቅ «ለጤና ምርምር» ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ከወለቃ ወዲያ

ከተማ ውስጥ ሰው እንዳልፈነክት ኳሷን በኪሴ አደርጋታለሁ፤ ደንቤ ነው። ከወለቃ በኋላ ግን ዳገት ነው። ወደ ላይ የመታኋት ኳስ ተንከባልላ እግሬ ሥር ትመጣለች። ደግሜ እመታለሁ፣ ደግማ ትመጣለች። ሹፌሩ ገብሬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይስቃል።

«ወንድሜ፣ ይቺ ኳስ ጎንደርን አትለቅም!»

እኔ አልሳቅሁም። ስልኬን አወጣለሁ፣ ኔትዎርክ የለም፣ መልሼ እከታለሁ። ኮረብታ በወጣሁ ቁጥር እንዲሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ከኮሶዬ እስከ አምባ ጊዮርጊስ

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በግራ በኩል ያለው ገደል ሁለት ኳስ በላብኝ፤ በምትካቸው ሌላ አስቀምጬ ቀጠልሁ። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ገለባ የጫኑ አህዮች። የሻይ ዋጋ ከመንገዱ ጋር አብሮ ሽቅብ ይወጣል።

አምባ ጊዮርጊስ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አሳላፊዋ ጨርቁን አንብባ መጣች።

«ለምን በሽታ ነው?»

«ለጤና ነው።»

«የጤና በሽታ አለ እንዴ?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ረቡዕ፣ ዳባት

በመጨረሻ መሠረትን አገኘኋት። በላሁ ትላለች፤ አልበላችም፣ ድምጿን አውቀዋለሁ። «ደረስህ?» ስትለኝ «ልደርስ ነው» አልኋት። ሁለታችንም ዋሽተን ስልኩን ዘጋን። እግሬ ውሃ ቋጥሯል፤ መቀመጡ ግን ከመሄዱ የባሰ ያመኛል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ወቅን አቅራቢያ

የገና በዓል አልፎ ጥምቀት አልደረሰም። ሰፊ የታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ጎረምሶችና ጎልማሶች ቆልማማ የገና ዱላቸውን ይዘው ሩር የሚሏትን ኳስ ይለጋሉ። ኳሴ መሐላቸው ገባች። እነሱ ምን ያድርጉ? ገና የሚያውቅ ሰው ኳስ ሲመጣበት ወደ መጣበት ይመልሳል። ለሁለት ተከፈሉና ግማሾቹ ኳሴን ወደ ዳባት፣ ወደ ኋላ ለጓት! ተከተልኋት፤ ደግመው ለጓት። የጠዋት መንገዴ ሁሉ ተመልሶ ሲሄድ አየሁ። እሪ አልሁ።

ዳር ቆመው የሚዳኙት ሽማግሌ፣ አያ ስማቸው፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ።

«ምነው ትቆጣለህ? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

«ይኼ ገና አይደለም አያ። ጎልፍ ነው። የምጫወተው ብቻዬን ነው።»

«ብቻህን?» በጣም አዘኑልኝ። «ባላጋራ ሳይኖርህ? ታዲያ ማንን ልታሸንፍ ነው እንዲህ የምትለፋ?»

ለጤና ልል አፌን ከፈትሁ። አልወጣ አለኝ።

«ነቀርሳን» አልሁ።

ዱላዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ማንን ያዘብህ?»

«ሚስቴን። ጡቷን።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ኳሷን አነሡና እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። «በል እንግዲህ፣ እኛም ባንተ ወገን ነን።»

ውሃ ልጠጣ ወደ መኪናው ስሄድ፣ ለተጫዋቾቹ ጠላ ይዛ የመጣች ሴት ተከተለችኝ። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ የአያ ስማቸው ልጅ ናት። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ጠየቀችኝ።

«ያንተይቱ… ሲጀምራት ያማት ነበር?»

«አላማትም። እብጠት ብቻ ነበር።»

ማሰሮዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔንም አያመኝም» አለች።

ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለአባቷ የነገርሁላት እኔ ነኝ። አያ ስማቸው አልተከራከሩም። «ውሰዳት። አሁኑኑ።» ገብሬ ብቻውን ጎንደር ሊያደርሳት ይችል ነበር፤ እሷ ግን «አንተ ከሚስትህ ሳታገናኘኝ ሆስፒታል አልገባም» አለች። ደባርቅ እኮ እዚያ ማዶ ነው! ወደ ደባርቅ አየሁ፣ ወደ እሷ አየሁ።

«ኳሷን ለኛ ተዋት» አሉ ሽማግሌው። «ዱላ አለን፣ እግር አለን። የሹፌርህን ስልክ ቁጥር ብቻ ስጠን።»

ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበረው ባሏ ዱላውን ጥሎ ኋላ ወንበር ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

ሐሙስ ማምሻ፣ ወደ ጎንደር

በእግሬ ስንት ቀን የለፋሁበት መንገድ በመስኮቱ ወደ ኋላ ይሮጣል። ለመሠረት ደወልሁና የሆነውን ነገርኋት።

«ስሜን አነሣህ?»

«ስምሽን አይደለም። ግን ሚስቴ ናት ብያለሁ። በሽታውንም ተናግሬአለሁ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትዎርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅሁም። ደግሜ ብሞክር አይሠራም። እስከ አምባ ጊዮርጊስ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ።

ኮሶዬ ላይ የገብሬ ስልክ ጮኸ። አያ ስማቸው ናቸው፤ ከኋላቸው የሆታ ድምፅ ይሰማል። «ደባርቅ ገብታለች! ሁለቱም ወገን ባንድ ፊት ለግተናት! እንዲህ ያለ ገና ተጫውተን አናውቅም!» ጥሩወርቅ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ነጋዴው ጓደኛዬ ይህን መድረስ ይለዋል ወይ? አላውቅም፤ ነገ እጨቀጭቀዋለሁ።

ፀዳ ስንደርስ መሽቷል። መሠረት በር ላይ ቆማለች። ብቻዋን አይደለችም። ጨጓራ ነው ያለቻት ጎረቤታችን ክንዷን ደግፋ ይዛታለች፤ እውነቱን ሰምታ ኖሮ ዓይኗ በእንባ ቀልቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ቀረብሁ። መሠረት በአጠገቤ አልፋ የመኪናውን በር ከፈተች።

«በየትኛው በኩል ነው እህቴ?»

ጥሩወርቅ በነጠላዋ ሥር ግራዋን ነካች።

«የኔ በቀኝ ነው» አለች መሠረት፣ እጇን ይዛ እያወረደቻት። «ነይ ግቢ። ዛሬ እኛ ዘንድ ታድሪያለሽ፤ ጠዋት ሐኪሞቼ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ቁጭ በል አሁን።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ።