የወንድሜ ጭኮ

ብስክሌት መንዳት ያስተማሩኝ የክሊኒካችን ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። «ሳይርብሽ ብዪ፣ ሳይጠማሽ ጠጪ፣ ዳገት ላይ ደግሞ አትጣደፊ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ ማንን ልስማ! ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የክሊኒኩ ረዳት ነኝ፣ በከተማችን በፍላቂት ብስክሌት የምትነዳ ሴት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ልቤ አብጦ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታናሽ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት፣ ጋሸና ላይ መኪና እየጠበቀ እንደሆነ ሰማን። ከሰዓት ይሄዳሉ ተባለ። እናቴ ያላትን የገብስ ዱቄትና ቅቤ አሟጣ ጭኮ አሸችለትና በጨርቅ ቋጥራ ከብስክሌቱ ኋላ አሰረችልኝ። «አንቺስ? ቁርስ ቅመሺ እንጂ፤ ለራስሽም ስንቅ ያዢ» ብትለኝ፣ «ለዚህች መንገድ ደግሞ ምን ስንቅ ያስፈልጋል!» ብዬ ተነሳሁ።

የገበያ ቀን ነበር። መንገደኛው «ወይ ጉድ፣ ሴቲቱን እዩአት!» ሲል እኔ ይብስ ፔዳሉን እረግጣለሁ። ዳገቱን ሁሉ በእልህ ወጣሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ራበኝ።

ገበያተኞች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። «ኧረ እንብላ!» አሉኝ። «ብሉ፣ ይስማማችሁ» አልኩ። ያደግነው እንዲያ ነው፤ ሲጠሩሽ መጀመሪያ እምቢ ትያለሽ፣ «በሞቴ» ይሉሻል፣ ትግደረደሪያለሽ፣ ከዚያ ትቀመጫለሽ። ብስክሌት ላይ ሆነሽ ግን ማን ይለምንሻል? ሁለተኛ ሳይጠሩኝ አልፌያቸው ነበር። ተመልሶ «እሺ፣ ልብላ» ማለት ደግሞ ሞት መሰለኝ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶችንም አጠጡኝ ሳልል እንዲሁ አለፍኳቸው።

ብዙም ሳልሄድ ዓይኔ ጨለመ። ብስክሌቱን ጥዬ መንገዱ ዳር ተዘረፈጥኩና ቋጠሮውን ፈታሁ። አንድ ጉርሻ ብቻ ብዬ ነበር። ቀና ስል የቀረው ከእፍኝ አይበልጥም።

ጋሸና ስደርስ ወንድሜ መኪናው ላይ ወጥቶ ነበር። ቋጠሮውን ተቀበለኝና በእጁ መዘን አደረገው። «እማዬ የላከችው ይህንኑ ነው?» አለኝ። እውነቱን ብነግረው ይስቅብኝ ነበር፤ ከዚያም ያቅፈኝ ነበር። እኔ ግን፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ «አዎ፣ ይኸው ነው» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ቤት ውስጥ ምንም የለም ማለት ነዋ» አለ። ከዚያ ቋጠሮውን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። «ለእሷ መልሺላት፣ እታለም። እኔን መንግሥት ያበላኛል።» መኪናው ተነሳ።

ያንን እፍኝ ጭኮ ስመለስ በላሁት። ምን ብዬ ይዤው እገባለሁ? አሁን ግን ጥቂት በጥቂት እየቆነጠርኩ፣ ከየምንጩ እየተጎነጨሁ፣ ዳገት ላይ ከብስክሌቱ እየወረድኩ እየገፋሁት ሄድኩ። ድካም የሚባል አልነካኝም።

«ደረሰለት?» አለችኝ እናቴ ገና ደጃፍ ላይ።

«ደረሰለት» አልኩ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ መርዶው ብቻ መጣ። እናቴ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣው ሁሉ «ልጄ ባዶ እጁን አልሄደም እኮ፤ ጭኮዬን በልቷል» እያለች ትጽናና ነበር። እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ «እውነት ነው» እል ነበር። እሷ እስክትሞት አልነገርኳትም። እሱ ግን እናቴ የምትበላው የላትም ብሎ ነው የሄደው።