ፀሐይወርቅ ጥፋቷን ስትፈልግ

ነፋስ ስልክ ውስጥ ፀሐይወርቅን ያላማከረ ሰው ብዙ ነበር፤ በእሷ ያልተመከረ ግን አልነበረም። ሳይጠሯት ትመጣለች፣ ሳይጠይቋት ትመልሳለች። ወጥ ጨው እንዳነሰው ለማወቅ ሌላው ሰው መቅመስ አለበት፤ እሷ በጎረቤት ደጅ ስታልፍ ይሸታታል። መንደሩ ከኋላዋ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላታል። ተረቱን እሷም አሳምራ ታውቀዋለች፤ አዘውትራም ትተርተዋለች፣ ስለ ሌሎች ሴቶች።

የምትኖረው ለሁለት በተከፈለ የቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ከመወረሱ በፊት የአንድ ባለጠጋ እህል ማከማቻ ነበር። ለሁለት ሲከፍሉት ጭቃው አለቀ ወይም ሠራተኛው ደከመው፣ ብቻ ግድግዳው ጣራውን ሳይነካ አንድ ክንድ ያህል ጎድሎ ቀረ። ከግድግዳው ወዲያ ቀመሪያ ትኖራለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አስፋልቱ ዳር ባለች ሱቅ ሳሙናና ክብሪት የምትቸረችር የስልጤ ሴት፣ ከአንዲት ልጇ ከሙፊዳ ጋር። በዚያች ክፍተት በኩል ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት ጨውና ምርቃት ሲወራወሩ ኖረዋል። ዝም ያለ ቀንም ቢሆን የአንዱ ቤት ማንኪያ በሌላው ቤት ይሰማል። ከራሳችንም ጋር የምንኖረው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁ ይሰማናል፣ ፊቱን ግን አናየውም።

በቅርቡ ቀመሪያ ሬዲዮ ገዛች። ማታ ማታ፣ እራት ሲደርስ፣ ሬዲዮው እስኪበቃው ይለቀቃል፤ ዜናው፣ ሰልፉ፣ መዝሙሩ ሁሉ በክፍተቷ ላይ ተንጠላጥሎ ይመጣል። ፀሐይወርቅ ደስ አላት። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ፣ «የኔዋን ጎረቤት ብታዩ! ንግግር አያመልጣትም። ነቅታለች» ብላ መሰከረችላት። ይህን የሚያህል ውለታ ዋለችላት።

ውለታው ብዙም ሳይቆይ ዞሮ መጣባት። የሴቶች ማኅበር በየቀበሌው በሚቋቋምበት ሰሞን ለሊቀመንበርነት ሁለት ሴቶች ተጠቆሙ። አንዷ ፀሐይወርቅ ናት፤ ራሷን ያስጠቆመችው ራሷ ናት። ሁለተኛዋ፣ «ነቅታለች የተባለችው የሬዲዮዋ ሴትዮ» ቀመሪያ ናት።

ፀሐይወርቅ ይህን ወንበር እንዴት እንደፈለገችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ለደመወዙ አይደለም፣ ደመወዝ የለውም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ደጅ እየሄደች መክራለች፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው እሷ ደጅ መጥቶ «ምን ይሻላል?» ሲላት መስማት ፈለገች።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ከምርጫው በፊት እጩዎች በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ማድረግ አለባቸው። ይህን የነገራት የቀበሌው ካድሬ ምትኩ ነው፤ ጺሙ ገና ያልሞላ፣ ንግግሩ ግን አፉን የሞላ ወጣት።

«ግለ ሂስ ማለት ጓዲት፣ የራስን ጥፋት ማውጣት ነው።»

«ጥፋት ለሌለውስ፣ ምትኩ ልጄ?»

«የለብኝም ማለት ራሱ ጥፋት ነው።»

«እንግዲያው እሱን ልበላ! ‹የለብኝም እላለሁ› ብዬ ልቀመጥ።»

«እሱን ካመንሽማ ጥፋት አለብሽ ማለት ነው። ሌላውን ትጠየቂያለሽ።»

«የትኛውን ሌላ?»

ምትኩ ትንሽ አሰበና «‹የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ይታይብኛል› በይ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው» አላት። ፀሐይወርቅ መንገዱን ሙሉ «ንዑስ ከበርቴ፣ ንዑስ ከበርቴ» እያለች ሄደች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ቃሉ አላጠገባትም። የሌላ ሰው ቀሚስ እንደመልበስ ነው፣ የት ጋ እንደሚሰፋ እንኳ አይታወቅም። የራሷ የሆነ፣ ትንሽ፣ የማያሳፍር ጥፋት ፈለገች። ስለዚህ ጎረቤት ለመጠየቅ ወጣች።

መጀመሪያ ጠላ ሻጯ ትሩፋት ዘንድ ገባች።

«ትሩፋትዬ፣ እስቲ ሳታፍሪ ንገሪኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

ትሩፋት የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። ጠጪዎቹ ጣሳቸው ውስጥ አቀረቀሩ።

«ውይ! አንቺ ምን ጥፋት አለብሽ የኔ እመቤት?»

«አንድ እንኳ?»

«ምን በወጣሽ! ያው... ለሰው ታስቢያለሽ።» ቆም አለች። «በጣም ታስቢያለሽ።»

ከጠጪዎቹ አንዱ ትን አለው። ፀሐይወርቅ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለትና ጠላ ቢቀንስ እንደሚሻለው መክራው ወጣች።

ባሏን ደገፋን ጠየቀች። ደገፋ የቦቴ ሹፌር ነው፤ አሰብ ይመላለሳል። እንጀራውን እየቆረሰ ረዥም ጊዜ አያት።

«እውነቱን ነው የምትፈልጊው?»

«እውነቱን።»

«ነገ አሰብ ነኝ» አለና ከመኪናው ጎማ ጋር ሊነጋገር ወጣ።

እሷም ግራ ገባት። አገር ሁሉ ጥፋት የለብሽም ይላል፣ ግን ሲል ዓይኗን አያያትም። በመጨረሻ አንድ ሰው ትዝ አላት፤ የንስሐ አባቷ መምሬ አባይነህ። ኃጢአቷን ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? እጩ ሴት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም መታየቷ ደግ አልነበረምና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ዓይኗን ብቻ አስቀርታ ወጣች። በመንገድ ያገኟት ሁሉ «ጓዲት ፀሐይወርቅ፣ የማን ለቅሶ ነው?» አሏት።

መምሬ አባይነህን ከቅጥሩ ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ እስከ ዛሬ ከተናዘዝኩት ኃጢአት ትንሽ ቀለል ያለውን ያስታውሱኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ፣ ወለተ ሚካኤል?»

«ለቀበሌ ነው።»

ካህኑ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የተናዘዙትን ማውጣት አልችልም፣ ለራስሽም ቢሆን። ቢፈቀድልኝም የምነግርሽ የለኝም።»

«እንዴት የለም? ሁልጊዜ እመጣ የለም?»

«መምጣቱንስ ትመጫለሽ። ‹አባቴ ይፍቱኝ፣ ትሩፋት ጠላውን በውሃ ታቀጥናለች። አባቴ ይፍቱኝ፣ ደገፋ ይሳደባል።› ልጄ፣ አንቺ ስትናዘዢ የሰማሁት የጎረቤቶችሽን ኃጢአት ነው። የራስሽን አንድ ቀን አልሰማሁም።»

«ቀኖና ይሰጡኝ የለም እንዴ? እኔስ ስሰግድ የከረምኩት?»

«እኔም ለማን እንደምሰጠው ግራ እየገባኝ ነበር» አሉ መምሬ። «ለአንዷ እስላም ጎረቤትሽ እንኳ በእኔ ቆጠራ ሁለት ሑዳዴ ሰግደሽላታል።»

ፀሐይወርቅ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ስትመለስ ጉልበቷ ራሱ የሰው ሆኖባት ነበር። ለካ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰግዶም ከራሱ ደጅ ሳይደርስ ይቀራል።

በዚያው እግሯ ቀመሪያ በር ላይ ቆመች። ኮቴዋ እንደተሰማ ሬዲዮው ከፍ አለ። ፀሐይወርቅ ይህን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከ ዛሬ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ነበር የምትሰማው።

«ቀሙ፣ ሬዲዮውን ቀንሺውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ከቀነስኩት ትሰሚያለሽ» አለች ቀመሪያ።

«ምኑን?»

«ሁሉን! ወላሂ ሁሉን! እኔ ምን ንግግር ገዶኝ ነው ሬዲዮ የገዛሁት? ግማሹን ቋንቋ አልሰማውም። አንቺ እንዳትሰሚ ነው!»

ፀሐይወርቅ በሩ መቃን ላይ ተደገፈች። «ምን አድርጌ?»

«አታውቂም?» ቀመሪያ አፈጠጠችባት፤ ከዚያ ቁጣዋ ወደ መገረም ዞረ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ እውነትም አታውቅም።» ሙፊዳ ጓዳ መኖሯን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሙፊዳ ኒካ ለምን ቀረ?»

«ምን አውቄ! ያው... ማሳሏ ነዋ። ሦስት ሌሊት ስታስል ሰማኋት፣ አሳዘነችኝ። ለሙሽራው አክስት ‹ሳንባዋን አሳዩላት› አልኳት። ለደጉ ነው! ሕክምና ይከፍሉላታል ብዬ!»

«በርበሬ ነው።»

«እ?»

«በርበሬ! ለሰርጓ በርበሬ ስትቀነጥስና ስትወቅጥ ነው የከረመችው፣ ሱቁ ጓሮ። ቀን ትወቅጣለች፣ ማታ ጉሮሮዋ ይነሳባታል። የጨው ማነስ ከደጅ የሚሸትሽ ሴት፣ በርበሬ አልሸተተሽም?»

ሬዲዮው የሰልፍ ማርሽ እያሰማ ነበር። ቀመሪያ ወደ እሱ ጠቆመች። «ሰዎቹ ‹ቀርቷል› ብለው የላኩ ማታ ልጄ አለቀሰች። አንቺ እንዳትሰሚና ለቅሶዋን ደግሞ ነገ በሽታ እንዳታደርጊው፣ ይኼን ለቀቅኩት። ልጄ በማርሽ አለቀሰች፣ ፀሐይወርቅ። በማርሽ።»

ፀሐይወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እሁድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ፀሐይወርቅ ሌሊቱን አንድ ነገር ወስናለች፤ ንዑስ ከበርቴውን ትታ እውነቱን ልትናገር፣ ወንበሩም ከቀረ ሊቀር። ብቻ በሰው ፊት አንድ ጊዜ የራሷን ትናዘዝ።

መጀመሪያ ቀመሪያ ተነሳች። ምርጫውን ስላልፈለገችው የሚያስወድቃት ጥፋት ይዛ ነው የመጣችው።

«የኔ ጥፋት ሬዲዮ ነው። ማታ ማታ አጮሃለሁ። ጎረቤት እረብሻለሁ።»

ምትኩ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «ጓዶች! ይህ ጥፋት አይደለም፣ ይህ ንቃት ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀመሪያ በድንጋጤ ዙሪያዋን አየች፤ ለእርዳታ የምታየው ሰው ብታጣ ፀሐይወርቅን አየቻት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያ ሬዲዮ ለምን እንደሚጮህ የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ተራው ደረሰ። ፀሐይወርቅ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፏን ከፈተች።

«የኔ ጥፋት...»

በዚህ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ሙፊዳን አየች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች። ከፊት ለፊት ደግሞ ትሩፋት አለች፤ ከትሩፋት ጎን የጠላ ቤቱ ሰው ሁሉ። ኒካው መቅረቱን ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደቀረ ግን ማንም አያውቅም። «ሙፊዳ ታስላለች ብዬ» ካለች፣ በርበሬው ማን ዘንድ ይደርሳል? ሳሉ ግን ዛሬውኑ ከተማ ዳር ፉሪ ድረስ ይደርሳል።

አፏን ገጠመች።

«ጓዲት፣ ጥፋትሽን ተናገሪ እንጂ» አለ ምትኩ።

«አልናገርም።»

«የለብኝም ነው የምትዪው?»

«አለብኝ። ትልቅ ነው።»

«እንግዲያው ምንድን ነው?»

«ከነገርኳችሁ ደገምኩት ማለት ነው።»

ምትኩ ይህን በተማረው መጽሐፍ ሁሉ ፈልጎ እንዳጣው ፊቱ ላይ ታየ። «ይህ... ይህ ምን ዓይነት ዝንባሌ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ትናንት ነው ያገኘሁት» አለችና ተቀመጠች።

ፀሐይወርቅ ተናግራ ሰው ሲያጉረመርም ለምዳለች፤ ዝም ብላ ሰው ሲያፈጥባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ትሩፋት ወደ ጎን ዘንበል ብላ «አሟታል እንዴ?» አለች። እጅ ሲወጣ ጫካ ሙሉ እጅ ለቀመሪያ ወጣ። ፀሐይወርቅም እጇን ለቀመሪያ አወጣች፤ ቀመሪያን ግን እንደ ሰርግ ፍሪዳ እየጎተቱ ነው መድረክ ላይ ያወጧት።

በዚያ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ አልተከፈተም።

ፀሐይወርቅ መደቧ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ማንኪያ ተሰማ። የውሃ መቅጃ ተሰማ። ከዚያ የሙፊዳ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «እማ፣ ያልኩሽን ሰው እኮ ዛሬ...» ብሎ ጀመረ።

ፀሐይወርቅ ብድግ አለች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ጆሮዋን ያዘች፤ የተያዘም ጆሮ ይሰማል። ሬዲዮ የላትም፤ ደገፋ አሰብ ነው። ዓይኗ ጥግ በቆመው ሙቀጫ ላይ አረፈ። ዘነዘናውን አነሳችና ባዶውን ሙቀጫ ትወቅጠው ጀመር፤ ዱም! ዱም! ጣራው ላይ የነበረ አቧራ እስኪረግፍባት።

«ፀሐይወርቅ!» አለች ቀመሪያ በክፍተቷ በኩል። «ምንድን ነው የምትወቅጪው በዚህ ሰዓት?»

«ምንም!»

«ምንም ይወቀጣል እንዴ?»

«እንዳልሰማችሁ ነው!»

ፀሐይወርቅ ዘነዘናውን እንዳንጠለጠለች ቆመች፤ ይቀየሙ ይሆን፣ ይስቁ ይሆን፣ ይህ ያጠፋችበት ይሁን የታረመችበት፣ ምኑም ምኑም አልገባት አለ። ከዚያ ሙፊዳ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ በሙሉ ጉሮሮዋ፤ እየሳቀች ሳል ያዛት።

ፀሐይወርቅ ሰማችው። እንደ ድሮው አንድ ምክር እስከ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣባት። ዋጠችው፣ ዘነዘናውንም አነሳች።

«ኧረ ተይ!» አለች ቀመሪያ፣ እሷም ሳቅ እየተናነቃት። «ቤቱን ልታፈርሺው ነው። ዝም ብለሽ ነይና በበር ግቢ!»