ጾመኛው ጌም

ደባርቅ ውስጥ «የከሳ ጌም ወጥቷል» የሚል ወሬ የሰማነው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር። እኔ ያኔ ከመናኸሪያው በላይ ባለች አንዲት ጌም ቤት ውስጥ ጆይስቲክ እየጠገንኩ፣ ቴሌቪዥን እየጎረጎርኩ የምውል፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ግትር ሰው ነበርኩ። ግትርነቴ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ቤቱ የአንዲት ሴትዮ ነው፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ቀድሞ ጠላ ይሸጡበት የነበረውን ክፍል አጽድተው ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና እሱ ላይ ኳስ የሚያጫውት አንድ ጌም አስገቡበት። ጠጥቶ ከሚደባደብ ሰው በኳስ የሚጨቃጨቅ ይሻለኛል ይሉ ነበር። ጭቅጭቁ ከጠላው ዘመን እንዳልቀነሰ ግን እኔ ምስክር ነኝ።

አባቴ ዳባት የዜማ መምህር ነበሩ። ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሆኖም የዜማውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ስለሚያውቁት ተማሪ አንዲት ምልክት ሲስት በጆሯቸው ይይዙታል። እኔም እግራቸው ሥር አራት ዓመት ተቀምጬ ዜማውን መሐል ላይ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ተውኩት። ከዚያ አናጢ ዘንድ ገብቼ አንዲት ወንበር እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ። በጥምቀት ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ «አንተ ጀማሪ ነህ፤ ጨራሽ ግን አይደለህም» አሉኝ። ቀጥለውም «እስከ ትንሣኤ ድረስ ጀምረህ የጨረስከውን አንድ ነገር አስመስክር። ያለዚያ ተመልሰህ ዜማህን ትቀጥላለህ» አሉ።

በዜማ ቤት «አስመሰከረ» የሚባለው ተማሪ ትምህርቱን ዳር አድርሶ፣ በመምህራን ፊት ተፈትኖ ሲያልፍ ብቻ ነው። አባቴ ይህን ቃል እንደ ዋዛ አያወጡትም፤ ስንቱን ተማሪ ዓመታት አስቀምጠው ሳይሉት ቀርተዋል። ዳባት መመለሱ አልነበረም ያስፈራኝ። «ጨራሽ አይደለህም» ያሉት እውነት ሆኖ እንዳይቀር ነበር የምፈራው።

የእትዬ ጌም ወፍራሙ፣ የድሮው ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲዲ ስጠኝ ብሎ ምላሱን የሚያወጣ። ሥራ ላይ ሲቆይ ጎኑ ስለሚሞቅ በደባርቅ ብርድ ተራ ጠባቂዎች ሁሉ እጃቸውን የሚያሞቁት እሱ ላይ ነበር። ችግሩ ዐይኑ ነው። ሲዲውን የሚያነበው መስታወት ደክሞ፣ አንዴ በጎኑ እናቆመዋለን፣ አንዴ ገልብጠን በጀርባው እናስተኛዋለን፣ አንዴ ከሥሩ ደብተር እንደግፍለታለን። በመጨረሻ ከዐሥር ጊዜ አንዴ ብቻ የሚነሣ ሆነ። ደንበኞቻችን መጫወቱን ትተው ስለ አዲሱ ጌም ወደ ማውራት የዞሩትም ለዚህ ነው።

ወሬውን ያመጣው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የከተማችን ልጅ ነው። ለዕረፍት ሲመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ እያሳየ «ይችን ታክላለች፤ ስሊም ይሏታል። ደብተር መሐል ብትከታት አትታወቅም» አለ።

«ኧረ ወዲያ!» አለ አንድ በቅሎ ነጂ። ተራራው ላይ ጊች ድረስ የቱሪስት ዕቃ የሚጭን፣ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ጆይስቲክ የሚጨብጥ ሰው ነው። «እኔ ሆዷ የገባ በቅሎ ጭኜ አላውቅም። ይኸ በዚህ ክሳቱ ሙሉ ጨዋታ ሊጨርስ ነው?»

«በቅሎ አይደለማ! ቴክኖሎጂ ነው፤ እየቆየ ይቀጥናል።»

«ቀጥኖስ ሥጋው የት ሄደ? ምላሱስ?»

«ምላስ የለውም። ክዳኑን እንደ ድስት ከፍተህ ነው ሲዲውን የምታስገባው።»

«ምላስ የለው፣ ሆድ የለው። እንግዲያ ፎርጅድ ነው በለኛ!»

ክርክሩ ቀናት ፈጀ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የወፍራሙ፣ ግማሹ የቀጭኑ ደጋፊ ሆነ። ያላየነውን ዕቃ እንደ ዘመድ አማነው፣ እንደ ዘመድም ተሟገትንለት። ወቅቱ ጾም ስለሆነ አንዱ ቀልደኛ «እሱ እኮ ጾመኛ ነው፤ የኛው ፍስክ በልቶ ነው የወፈረው» አለ። ስሙ እዚያው ተለጠፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌው «ፍስኩ»፣ አዲሱ «ጾመኛው» ሆኑ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት፣ ስሙንም ከሁሉ በላይ ያዳረስኩት እኔ ነበርኩ። የኋላ ኋላ ያቃጠለኝም ይኸው ስም ነው።

እትዬ ክርክሩን ሁለት ሳምንት ያህል ከሰሙ በኋላ ከጎንደር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ላኩና ጾመኛውን አስመጡት። ሾፌሩ በፌስታል ጠቅልሎ አውርዶልን፣ ጊዜም ሳይሰጠን ሊማሊሞን ወረደ። ሽሬ ደርሶ የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ስንፈታው ሁላችንም ተጠጋን። ወሬው እውነት ነበር። በቅሎ ነጂው በአንድ እጁ አንሥቶ መዘነና «ይኸማ ባዶ ነው» አለ። እኔ ግን ጀርባውን ሳገላብጥ የመብራት ገመድ መሰኪያው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ሆኖ አገኘሁት። የፍስኩ ገመድ አይገባበትም። የግድግዳውን መብራት ቀንሶ የሚያቀብል፣ አዳፕተር የሚባል የራሱ ዕቃ ነበረው፤ ሾፌሩ ግን «ገመድማ እነሱ ዘንድ አለ» ብሎ ከገዛበት የጎንደር ሱቅ ትቶት እንደመጣ ኋላ ሰማን።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ዐይን እኔ ላይ ነው። ያኔ ሾፌሩ እስኪመለስ እንጠብቅ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የእትዬን የቴፕ አዳፕተር ከመደርደሪያው አወረድኩ። በጎኑ ላይ ቁጥር እየገፉ ኃይሉን የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት፣ ጭብጥ የምታክል ዕቃ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪ «ኧረ ይኸ ለቴፕ ነው፤ ይበቃዋል?» አለ።

«ጾመኛ አይደል እንዴ? ምን ይበላል!» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ያመንኩትም ከልቤ ነው። የሰጠነው ስም ልቤ ውስጥ ገብቶ፣ ቀጭን ነገር የሚበላውም ትንሽ ነው ብዬ አስቤያለሁ። ስሰካው ቀይ መብራቷ በራች፤ ሲዲው ሊዞር ሲል ጠፋች። ደግሜ ሰካሁ፤ ደግሞ ጠፋች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ተናደድኩና ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ከዚያ ምንም የለም።

እትዬ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው «በሉ ሂዱ፣ ቤቱን ልዝጋ» ብቻ አሉ። በቅሎ ነጂው እንኳ ሳያሾፍብኝ ወጣ። እኔ በዚያ ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። አሁንም ያንን ሽታ የሆነ ቦታ ሲሸተኝ ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ማለዳ ከእትዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ልከፍተው ነው» አልኳቸው።

«ገድለኸው ስታበቃ ደግሞ ልትበልተው ነው?»

«እትዬ፣ ሳልጨርሰው ከዚህ ቤት አልወጣም። ቢፈልጉ ያባርሩኝ፤ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።»

ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ።

ያንን ሳምንት እንዲህ ነበር የሠራሁት። መስመር የሚፈትሽ ቴስተር የለኝም። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የባትሪ አምፖልና ሁለት ሽቦ አገናኝቼ፣ ከመሰኪያው ጀምሬ መስመሩን እያንዳንዱን ነካሁ። አምፖሏ ከበራች መንገዱ ደህና ነው፣ ካልበራች ተቆርጧል። ጠዋት እጀምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዐይኔ ሲፈዝ አቆማለሁ። የሳትኩት እንደሆነ ከመጀመሪያው እደግማለሁ። አባቴ አንድ ተማሪ መስመር ሲስት ከራሱ ያስጀምሩት ነበር፤ ያኔ የጠላሁትን ያንን ልማድ ሳላስበው ይዤው ነበር። በአምስተኛው ቀን የተልባ ፍሬ የምታክል፣ ኃይል ሲበዛባት የምትቆረጥ ፊውዝ ላይ ስደርስ አምፖሏ እምቢ አለች። ከተበላሸ የቴፕ ገመድ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዝዤ፣ በከሰል ባጋልኩት ብረት እርሳስ አቅልጬ በላይዋ አገናኘሁ። እጄን ሦስት ቦታ አቃጠልኩ።

የተቃጠለው ተገኘ፤ የሚያበላው ግን አልተገኘም። ያኔ ነው ጾመኛውን ገልብጬ፣ ቀድሞ ማየት የነበረብኝን ጽሑፍ ያየሁት። የሚፈልገው ኃይል በቁጥር ተጽፏል፤ ስምንት ተኩል ቮልት። ከጎኑ የተጻፈው፣ የሚስበውን መጠን የሚያሳየው ሌላው ቁጥር ደግሞ የቴፑ አዳፕተር ላይ ካለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በቅሎ ነጂው «ሥጋው የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀው ትዝ አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ጌሙ አልከሳም፤ ሆዱን አውጥተው ውጭ ነው ያስቀመጡለት። አዳፕተሩ ሆዱ ነበር።

ታዲያ የፍስኩ ሆድ ውስጡ ነው ያለው።

እትዬ ይህን ሲሰሙ በሁለት እጃቸው አሮጌውን አቀፉት። «ሁለቱንም ልታሳጣኝ ነው? ይኸ እኮ አንዳንድ ቀን ይነሣል!»

«ዐይኑ ነው የሞተው እንጂ ሆዱ ደህና ነው» አልኳቸው። «ሆዱ ላይ ስምንት ተኩል የሚል ካላገኘሁ እንደነበረ እገጥመዋለሁ።»

ከፈትኩት። መብራት የሚቀበለው ክፍል ለብቻው ተነሣ፤ ጎኑ ላይ ያው ቁጥር አለ። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በእንጨት ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ማንም እንዳይነካው ክዳን ሠራሁለት፣ ሽቦውን ዘርግቼ ከጾመኛው ጋር አገናኘሁት። በቀዳም ሥዑር ከሰዓት ስሰካው ቀይ መብራቷ በራች፣ ሲዲው ዞረ፣ አልጠፋችም። እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ጾሙ ገና አለመፈታቱ ትዝ ሲላቸው በነጠላቸው ያዙት።

በፋሲካ ማግስት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። በቅሎ ነጂው ቆርቆሮውን ሲያይ ጭኑን መታ። «አላልኳችሁም? ሆድ የሌለው ነገር የለም! ፍስኩ ጾመኛውን እየቀለበው ነው!» የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደግሞ «ተደምረው ሲታዩ እኮ ከድሮውም ወፈሩ» እያለ ይስቃል። ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ።

ጭቅጭቁ እንደጋለ በድንገት ሁሉም ጸጥ ብለው ተነሡ። ዞር ስል አባቴ በአንድ ተማሪያቸው ተመርተው በሩ ላይ ቆመዋል። የሰጡኝ ቀን ስለደረሰ ከዳባት የመጡት ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ነው። ጌም ቤት ውስጥ መምህር ገብቶ አያውቅም። አንዱ ደንግጦ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሮጠ።

«ተዉ አታጥፉት» አሉ። «የታለ ሥራህ?»

እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። መጀመሪያ ቀጭኑን ዳሰሱት፣ ከዚያ ሽቦውን ተከትለው ቆርቆሮው ላይ ደረሱ። ከብርድ ነው የመጡት፤ ሙቀቱን ሲያገኙ መዳፋቸውን እዚያው አሳረፉ።

«ይኸ የሚሞቀው ምንድን ነው?»

«የአሮጌው ነው፣ አባባ። ዐይኑ ጠፍቶ አላነብ አለን። ኃይሉ ግን እንዳለ ነበር። አዲሱ የሚሠራው በሱ ነው።»

መዳፋቸው ቆርቆሮው ላይ እንዳለ ቆየ። ያጠፋሁትንም ነገርኳቸው፤ በስም ተታልዬ እንዳቃጠልኩት፣ ከመጀመሪያው እየደገምኩ እንደፈለግኩት። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል።

«ዐይኑ የጠፋ ሁሉ አይጣልም በለኛ» አሉ በመጨረሻ፣ ፈገግ ብለው። እኔ ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት ምን እንደነበር የገባኝ።

ወደ ተማሪያቸው ትከሻ እጃቸውን መለሱና ለመሄድ ዞሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስማቸው የከበደ ሊቃውንት ፊት የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በእነዚያ ሁሉ ኳስ ተጫዋቾች ፊት፣ አንዲት ቃል ብቻ አሉ።

«አስመስክረሃል።»